የሆድ ቁርጠት ማስታገሻ፤ የሚያስታግሰውና የሚሸፍነው

ባለፈው ዓመት ለመጠጥ ውኃ ፕሮጀክት ክትትል ወደ አንድ የገጠር ደብር ሄጄ ሳለሁ፣ በቤታቸው ያሳደሩኝ አረጋዊ መሪጌታ ከቅዳሴ መልስ ሆዳቸውን ይዘው ተቀመጡ። «ቁርጠት ነው ልጄ፤ የበዓል ምግብ ሲበዛብኝ እንዲህ ያደርገኛል» አሉኝ። እኔም ለመንገድ ብዬ ከያዝሁት ከረጢት ቡስኮፓን የተባለውን ኪኒን አውጥቼ ሁለት ፍሬ ሰጠኋቸው። ከቀትር በኋላ ሁለት፣ ማታም ሁለት ደገምሁላቸው። ቁርጠቱ ተወላቸው። ሌሊት ግን ሽንታቸው ተከለከለ። እስኪነጋ ድረስ ሲነሡና ሲቀመጡ አድረው፣ ማለዳ የሰፈሩ ወጣቶች በቃሬዛ ተሸክመው ወደ ጤና ጣቢያ አደረሷቸው።

ነርሷ በቀጭን ቱቦ ሽንቱን አስወጥታ ካሳረፈቻቸው በኋላ ወደ እኔ ዞራ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፦ «መድኃኒቱን ከመስጠትዎ በፊት ሽንት ይቸግራቸው እንደሆነ ጠይቀዋቸዋል?» አልጠየቅሁም ነበር። መሪጌታ ሌሊት ሌሊት አራትና አምስት ጊዜ ለሽንት መነሣት ከጀመሩ ሁለት ዓመት አልፏቸው ኖሯል፤ እርጅና ነው ብለው ለማንም አልተናገሩም።

ክቡራን ካህናትና የሰበካ ጉባኤ አባላት፣ ይህን ያነሣሁት ስሕተቴ የእኔ ብቻ ስላልመሰለኝ ነው። ምእመናን ሲያማቸው አስቀድመው የሚያማክሩት የንስሐ አባታቸውን ነው። በብዙ አጥቢያዎችም በጽሕፈት ቤቱ መሳቢያ ውስጥ ከየሰዉ የተረፈ መድኃኒት አይጠፋም፤ ከዚያም መካከል የቁርጠት ማስታገሻው አንዱ ነው። እኔ የጤና ባለሙያ አይደለሁም። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ባለሙያዎችን እየጠየቅሁና የመድኃኒቱን የአጠቃቀም መመሪያ እያነበብሁ የተማርሁትን ለእናንተ ማካፈል ተገቢ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

መድኃኒቱ በሰውነት ውስጥ የሚሠራው

በሀገራችን መድኃኒት ቤቶች በብዛት የሚገኘው የቁርጠት ማስታገሻ ሃዮሲን ቡቲልብሮማይድ ይባላል። ቡስኮፓን የንግድ ስሙ ሲሆን፣ በሌሎች የንግድ ስሞችም ይሸጣል። ስለዚህ በማሸጊያው ላይ መነበብ የሚገባው ጎላ ብሎ የተጻፈው የንግድ ስም ሳይሆን ከሥሩ በትንሹ የሚጻፈው የመድኃኒቱ መጠሪያ ነው። አንዱ ፍሬ አብዛኛውን ጊዜ 10 ሚሊ ግራም ይይዛል።

የጨጓራና የአንጀት ግድግዳ ከእኛ ፈቃድ ውጪ የሚሠራ ጡንቻ አለው። በየተራ እየተኮማተረና እየላላ ምግቡን ወደ ታች ይገፋል። መኮማተሩ ሲበረታና ሳይላላ ሲቀር ቁርጠት ይሆናል። ጡንቻው እንዲኮማተር ከነርቭ መልእክት የሚያደርሰው አሴቲልኮሊን የተባለ ንጥረ ነገር ነው። መድኃኒቱ ይህን መልእክት ከጡንቻው ደጃፍ ላይ ያግደዋል፤ ጡንቻውም ይላላል። ሥራው ይኸው ነው። ተሕዋስያንን አይገድልም፤ የጨጓራ ቁስልን አያድንም፤ አሲድን አይቀንስም፤ ወስፋትንም አያስወጣም። «ጨጓራዬን አሞኛል» የሚል ሰው ለወራት ሲወስደው ቢቆይ፣ ቁስሉ ባለበት ይኖራል፤ ምናልባትም ይብስበታል።

ታዲያ ያው መልእክተኛ አንጀትን ብቻ አያዝም። የሽንት ፊኛ ሲጨመቅ፣ ምራቅ ሲመነጭ፣ ላብ ሲወጣ፣ የልብ ምት ሲረጋ፣ የዐይን ብሌን ሲጠብ የእርሱ ትእዛዝ አለበት። ይህን የተረዳ ሰው የመድኃኒቱን የጎንዮሽ ጉዳት በቃል ማጥናት አያስፈልገውም። አፍ መድረቅ፣ የሆድ ድርቀት፣ የልብ ምት መፍጠን፣ የላብ መቀነስ፣ የዕይታ መደብዘዝ፣ የሽንት መከልከል ሁሉም ከአንድ ምንጭ ይመጣሉ። በኪኒን መልክ ሲወሰድ ወደ ደም የሚገባው መጠን ጥቂት ስለሆነ በአብዛኛው ሰው ላይ እነዚህ ቀላል ናቸው። በቆላ ፀሐይ የሚውል ሰው ግን ላቡ ሲቀንስ ሰውነቱ ሊግል ይችላል፤ ዕይታው የደበዘዘበትም እስኪጠራለት መኪና ባይነዳ ይገባዋል።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ተክል ላንሣ። በየአጥሩና በየቆሻሻ መጣያው የሚበቅለው፣ አስተናግር ወይም ዕፀ ፋርስ የሚባለው ተክል በውስጡ ሃዮሲን አለው። አስተናግር ቀምሶ የቀባዠረ ሰው ታሪክ በየሀገሩ ይነገራል። ያ የሚሆነው የተክሉ ሃዮሲን በቀጥታ ወደ አንጎል ስለሚገባ ነው። በኪኒኑ ውስጥ ያለው ግን የተለወጠ ዓይነት በመሆኑ ወደ አንጎል የሚያልፈው እጅግ አነስተኛ ነው። በተክሉ ውስጥ ስንት ሃዮሲን እንዳለ በዐይን አይቶ የሚለካ የለምና፣ «ሁለቱም አንድ ነው» ብሎ ቅጠሉን ወይም ፍሬውን ለቁርጠት መስጠት ሕይወትን ሊያሳጣ ይችላል።

ማቅለሽለሽ ሲኖር

ብዙ ሰው ቁርጠትና ማቅለሽለሽ አብረው ሲመጡበት በዚህ አንድ ኪኒን ሁለቱንም ሊያስታግስ ያስባል። የማስመለስን ስሜት የሚያዘው ክፍል በአንጎል ውስጥ ነው፤ ይህ መድኃኒት ደግሞ ወደ አንጎል እምብዛም አይደርስም። ማቅለሽለሹ ከቁርጠቱ ብርታት የመጣ ከሆነ ቁርጠቱ ሲተው አብሮ ሊተው ይችላል። ከሌላ ምክንያት የመጣ ከሆነ ግን ኪኒኑ አይረዳውም። (በመኪና መንገድ ለሚያቅለሸልሻቸው የሚሰጥ ሃዮሲን ሃይድሮብሮማይድ የተባለ ሌላ መድኃኒት አለ። የመጀመሪያ ስማቸው አንድ ቢሆንም ሥራቸውም መጠናቸውም ይለያያል፤ አንዱ በሌላው ምትክ አይሰጥም።)

ሰዎች ለማቅለሽለሽ ፕላሲል የሚሉትን ሜቶክሎፕራማይድን ከቁርጠት ማስታገሻው ጋር ደርበው ሲወስዱ አይቻለሁ። ፕላሲል ጨጓራና አንጀት ቶሎ ቶሎ እንዲገፉ ያደርጋል፤ የቁርጠት ማስታገሻው ደግሞ እንዲያርፉ ያደርጋል። ሁለቱ በአንጀት ላይ የሚሠሩት ሥራ ተቃራኒ ነው፤ ስለዚህ ባለሙያ ሳያዝ አብሮ መውሰድ አይገባም።

ከሁሉ በላይ ግን ሊታወስ የሚገባው የሚከተለው ነው። የመድኃኒቱ መመሪያ ራሱ፣ የማይለቅ ወይም እየባሰ የሚሄድ የሆድ ሕመም ከትኩሳት፣ ከማቅለሽለሽ፣ ከማስመለስ፣ ከዐይነ ምድር መለወጥ፣ ሆድን ሲነኩት ከማመም፣ ራስን ከመሳት ወይም በሰገራ ደም ከማየት ጋር ከመጣ በአፋጣኝ ሐኪም ዘንድ መቅረብ እንደሚገባ ያስጠነቅቃል። እንግዲህ ከቁርጠት ጋር የሚመጣ ማቅለሽለሽ ሌላ ፍሬ ለመጨመር ምክንያት አይሆንም፤ ቆም ብሎ ለመጠየቅ ግን ምክንያት ነው።

ኪኒኑ ሕመሙን ለጥቂት ሰዓት ሲያለዝበው የሚሸፈነው ምንድን ነው? እምብርት አካባቢ ጀምሮ ወደ ቀኝ የሆድ ሥር የሚወርድና እየጠና የሚሄድ ሕመም የትርፍ አንጀት ቁጣ ሊሆን ይችላል። ሆድ ተነፍቶ፣ ሰገራም አየርም አልወጣ ብሎ፣ ትውከቱም አረንጓዴ ከሆነ አንጀቱ ተጠምዝዞ ወይም ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። በሀገራችን ገጠር አንጀቱ ተጠምዝዞ ወደ ሆስፒታል የሚመጣ አርሶ አደር ጥቂት አይደለም። በተዘጋ አንጀት ላይ ይህን መድኃኒት መስጠት ፈጽሞ የተከለከለ ነው። እንደ ቡና አተላ የሚመስል ትውከት ወይም እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ ጨጓራ እየደማ መሆኑን ያመለክታል። የወር አበባዋ ለቀረባት ሴት በአንድ ወገን የሚቆርጥ የሆድ ሕመም ከማኅፀን ውጪ የተፈጠረ እርግዝና ሊሆን ይችላልና ሰዓት አይሰጥም። በዕድሜ የገፋ ሰው ከልቡ በታች ሲያመው፣ ሲያቅለሸልሸውና ሲያልበው «ጨጓራ ነው» ይባላል፤ የልብ ሕመም ሆኖ የተገኘበት ጊዜ ግን ብዙ ነው። በእነዚህ ሁሉ ኪኒን ፍለጋ መሳቢያ መክፈት መኪና ወይም ቃሬዛ የሚፈለግበትን ጊዜ ይበላል።

እንደ ውኃ የሚፈስ ተቅማጥና ትውከት ሲኖርም የሚያስፈልገው አንጀትን የሚያስተኛ መድኃኒት አይደለም። በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ የተበጠበጠ አንድ ከረጢት ኦ.አር.ኤስ በትንሽ በትንሹ ሳያቋርጡ መስጠትና ወዲያው ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ማሳወቅ ይገባል። የተበጠበጠው ከ24 ሰዓት በኋላ ይደፋል። በ2015 ዓ.ም. በሰሜን ምዕራብ የሀገራችን ክፍል በሚገኝ የጠበል ቦታ የኮሌራ ወረርሽኝ ተነሥቶ እንደነበረ ይታወሳል። ብዙ ሕዝብ በሚሰበሰብበት ቦታ በአንድ ቀን ሁለት ሦስት ሰው «ቁርጠትና ማስመለስ» ካለ፣ የእያንዳንዱ የግል ሕመም ነው ብሎ ማለፍ አይገባም።

ማን አይወስደውም?

ለመሪጌታ የሰጠኋቸው በጠቅላላው 6 ፍሬ ነበር። በብዙ ሀገራት መመሪያ መሠረት አዋቂ ሰው በአንድ ጊዜ ከ1 እስከ 2 ፍሬ፣ በቀን እስከ 4 ጊዜ፣ በጠቅላላው በ24 ሰዓት ከ8 ፍሬ ሳያልፍ መውሰድ ይችላል። የሰጠሁት መጠን እንግዲህ ከልኩ አላለፈም። የተሳሳትሁት በልኩ ሳይሆን በሰውየው ነው፤ ለእርሳቸው አንድ ፍሬም ቢሆን ሳይጠየቅ ሊሰጥ አይገባም ነበር።

አረጋውያን ወንዶች የፕሮስቴት ዕጢያቸው በዕድሜ ምክንያት ስለሚተልቅ የሽንት መውጫው ይጠብባቸዋል። በቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ላይ የሚቆሙት አባቶች አብዛኞቹ በዚህ ዕድሜ ያሉ መሆናቸውን አስቡ። ቀጥሎ ግላኮማ ያለበት ሰው ነው። አንዱ የግላኮማ ዓይነት በዚህ መድኃኒት ሳቢያ በድንገት ሊነሣና ዐይንን ሊያጠፋ ይችላል። መድኃኒቱን ወስዶ ዐይኑ የቀላና ያመመው፣ ብርሃን ዙሪያ ቀለበት የታየው ሰው በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይቅረብ። ልቡ በፍጥነት የሚመታበት፣ ሚያስቴኒያ ግራቪስ የተባለ የጡንቻ መዛል ሕመም ያለበት፣ ሆዱ ለቀናት የደረቀበትም ሰው ከባለሙያ ትእዛዝ ውጪ አይወስደውም። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት አስቀድማ ትጠይቅ። ከ6 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ኪኒኑ አይሰጥም፤ ከዚያ በላይ ላሉ ልጆችም መጠኑ የተለየ ስለሆነ ከአዋቂ ድርሻ ገምሶ መስጠት አይገባም።

ሌላ መድኃኒት የሚወስዱትንም መጠየቅ ይገባል። በተለይ ጠበል ቦታ የሚያገለግሉ አባቶች ይህን ልብ ይበሉልኝ። የአእምሮ ሕመም ሕክምና የሚከታተሉ ብዙዎች ከዋናው መድኃኒታቸው ጋር ቤንዝሄክሶል የተባለ ኪኒን ይወስዳሉ። አሚትሪፕቲሊን የሚወስዱም አሉ። እነዚህ መድኃኒቶች ያንኑ መልእክተኛ የሚያግዱ በመሆናቸው የቁርጠት ማስታገሻው ሲደረብባቸው የአንዱ ጉዳት በሌላው ላይ ይደመራል፤ ሰውየው ይደርቃል፣ ሽንቱ ይያዛል፣ ልቡ ይፈጥናል። እንቅልፍ የሚያመጡ አንዳንድ የአለርጂ መድኃኒቶችም እንደዚሁ ናቸው።

ማሸጊያው ላይ «ፕላስ» የሚል ቃል ከታከለበት በውስጡ 500 ሚሊ ግራም ፓራሲታሞል ሊኖር ይችላል። ይህን የወሰደ ሰው ለራስ ምታቱ ሌላ ፓራሲታሞል ሲጨምር ሳያውቀው ከልክ ያልፋል። ለአዋቂ በቀን ከ4,000 ሚሊ ግራም የሚበልጥ ፓራሲታሞል ጉበትን ይጎዳል። ለሆድ ሕመም ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን መውሰድም በሀገራችን የተለመደ ነው፤ ሁለቱም የጨጓራን ግድግዳ የሚያቆስሉ ስለሆኑ በጨጓራ ሕመም ላይ ሌላ ሕመም ይጨምራሉ። «መርፌው ይሻለኛል» ለሚልም፣ በመርፌ የሚሰጠው ሃዮሲን በፍጥነት ወደ ደም ስለሚገባ ከኪኒኑ ይልቅ የልብ ምትን እንደሚያፈጥንና የደም ግፊትን እንደሚያወርድ መንገር ይገባል። የልብ ሕመም ላለበት ሰው አደጋው የከፋ ነው። ስለዚህ ከጤና ተቋም ውጪ በመንደር የሚወጋ አይደለም።

ጾም፣ ጠበልና መድኃኒት

ቁርጠት የያዘው ምእመን ለንስሐ አባቱ «በጾም ሰዓት ኪኒኑን ልውሰድ ወይስ ልታገሥ?» ይለዋል። ሕመምተኛ በንስሐ አባቱ ምክር ከጾም እንደሚታገሥ የቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት የታወቀ ነው፤ ይህን ፈቃድ የሚሰጡት እናንተ ስለሆናችሁ ለምእመኑ ሳይጠይቅ ብትነግሩት ከብዙ ስቃይ ይድናል። በሌላ በኩል ደግሞ ጾም በገባ ቁጥር ሆዱን የሚያመው ሰው የጨጓራ ቁስል ሊኖርበት ስለሚችል፣ በየጾሙ በማስታገሻ ከሚያልፈው አንድ ጊዜ ቢመረመር ይሻለዋል።

ቅዱስ ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ በጻፈው በመጀመሪያው መልእክቱ ምዕራፍ 5 ቁጥር 23 ላይ ስለ ሆዱ ሕመም እንደመከረው እናስታውሳለን። ጢሞቴዎስ ኤጲስ ቆጶስ ነበረ፤ ጸሎትም ጾምም የሚያውቅ ነበረ፤ ሐዋርያው ግን ለሆዱ ልከኛ የሆነ ሥጋዊ ረድኤት አዘዘለት። በዚያ ቁጥር ላይ ሁልጊዜ የሚገርመኝ «ጥቂት» የሚለው ቃል ነው። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38ም ስለ ሐኪምና ስለ መድኃኒት የሚናገረው ከጸሎት ሳይለይ ነው። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በዘመናቸው የኤች.አይ.ቪ. ሕሙማን ጠበሉንና መድኃኒቱን አብረው እንዲወስዱ ማስተማራቸው ከዚሁ ትምህርት የተለየ አይደለም። በጠበል ቦታ ብዙ ውኃ ጠጥቶ የሚያስመልስን ሰው ስናይም፣ ማስመለሱ ሲቆይ፣ ደም ሲቀላቀልበት ወይም ሆዱ ሲደርቅ የሕመም ምልክት መሆኑን ለአስታማሚው መንገር የአጥማቂው ኃላፊነት ነው።

ሰበካ ጉባኤው ሊያደርግ የሚችለው

በመጀመሪያ መሳቢያውን ክፈቱ። በውስጡ ያለውን መድኃኒት ሁሉ፣ ከውጪ ሀገር ምእመናን በሻንጣ አምጥተው የለገሱትንም ጨምሮ፣ በአቅራቢያ ወደሚገኘው ጤና ጣቢያ ወስዳችሁ አስረክቡ። ጽሑፉ በጀርመንኛ ወይም በዐረብኛ የሆነ፣ ከማሸጊያው የተለየ፣ ጊዜው ያለፈበት፣ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር በሙቀት የከረመ ኪኒን ለማንም አይጠቅምም። ለጋሾቹ እንዳያዝኑ አመስግናችሁ አስረዷቸው፤ በሚቀጥለው ጊዜ በመድኃኒት ፈንታ ኦ.አር.ኤስና ሳሙና መግዣ ቢልኩ አጥቢያው ይበልጥ ይጠቀምበታል።

ቀጥሎ፣ በጽሕፈት ቤቱና በጠበል ቦታው ደጃፍ የጤና ኬላውን ሠራተኛ ስልክ በጉልህ ጽፋችሁ ስቀሉ። በሌሊት ለሕመምተኛ የሚደርስ መኪና ያላቸውን ምእመናን አስቀድማችሁ አነጋግሩ፤ ቃሬዛችሁም የት እንደሚቀመጥ ሁሉም ይወቅ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን በዓመት ሁለት ጊዜ ከቅዳሴ በኋላ ብታስተምር ሕዝቡ ይሰማታል፤ ቆማችሁ ካስተዋወቃችኋት ደግሞ ይበልጥ ይሰማታል።

ካህኑ በበኩሉ ሆዱን የያዘ ሰው ሲመጣበት የሚጠይቀው ብዙ አይደለም። ከመቼ ጀምሮ ነው፤ እየባሰ ነው? ያስመልስዎታል፣ ያተኩስዎታል፣ ደም አይተዋል? ሽንትና ሰገራ እንደ ወትሮው ይወጣል? ዐይንዎን ወይም ልብዎን ሕክምና ይከታተላሉ፣ ሌላ መድኃኒትስ ይወስዳሉ? ከእነዚህ ለአንዱ እንኳ የሚያሠጋ መልስ ከተገኘ ሰውየው ከሚያደርሰው ሰው ጋር ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ምንም የሚያሠጋ ባይገኝም ኪኒኑን የሚሰጠው ካህኑ ሳይሆን የመድኃኒት ቤት ባለሙያው ነው፤ ሕመሙ በአንድ ቀን ባይተው ደግሞ ይመርመር።

መሪጌታ ከጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል ተልከው ለዕጢው የሚሆን ሕክምና ጀምረዋል። ባለፈው ወር ለፕሮጀክቱ ርክክብ ስመለስ ምሳ አቅርበውልኝ ሳሉ ስለ ጤናቸው ጠየቅኋቸው። «አሁንስ ሌሊት የምነሣው ለማኅሌት ብቻ ነው» አሉኝ፤ ከረጢቴንም በዐይናቸው ፈለግ አድርገው ሳቁብኝ።